ዘማሪውን ለማየት የተሄደ መንገድ



ከቦኖሻ ተነሥቶ ለኮንፈረንስ ሆሳዕና የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገና ሳይነጋ አይሱዙው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሟል። እናቶች ቆሎና ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ያቀብላሉ። እህቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ጋቢናው ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹ የጭነቱን ብረት ይዘው ይቆማሉ። መኪናው የቦዮን ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ብርዱ ይበረታል። ያን ጊዜ አንዱ መዝሙር ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሆሳዕና ሲደረስ ድምፁ ያልተዘጋ ሰው አይገኝም።

እኔም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በዚያ መንገድ ሄጃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሄድኩት ለስብከቱ አልነበረም። አንድ የምወደውን ዘማሪ በዓይኔ ለማየት ነበር። መዝሙሮቹን ሁሉ በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ በመካከል የሚገባውን የጊታር ጨዋታ ሳይቀር በአፌ እጫወተው ነበር። ከኋላው የሚቆመውን ባንድ፣ ድራም የሚመታውን፣ ቤዝ ጊታር የሚይዘውን አያለሁ ብዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ተራው ደርሶ ወደ መድረኩ ሲወጣ ግን ብቻውን ነበር። ድምፅ ለሚቆጣጠረው ልጅ ሲዲ አቀበለው፤ ሙዚቃው ከሞንታርቦው ወጣ፤ እርሱም ማይኩን ይዞ ዘመረ። ከአጠገቤ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ነካ አድርገው «ልጄ፣ የሚጫወቱት ልጆች የት አሉ?» አሉኝ። «አልመጡም፣ አባባ፤ በሲዲ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እኛ እናጅበው» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ።

ያን ጊዜ አዝኜ ስለነበር ንግግራቸው አልገባኝም። ዛሬ አስተማሪ ሆኜ እናንተ «እገሌ ከነባንዱ ነው የሚመጣው ወይስ በሲዲ?» እያላችሁ ስትጠያየቁ ስሰማ ያ ቀን ይመለስብኛል። መዝሙሩ በስልካችን ውስጥ እያለ ዘማሪውን ወይም ባንዱን በአካል ለማየት ይህን ያህል የምንጓጓው ለምንድን ነው? ከተመለስንስ በኋላ ያ ጉጉት ምን ያደርገናል? ይህን ጥያቄ ይዘን ትንሽ ወደ ታሪክ እንመለስ።

ለበዓል የሚወጡ መንገደኞች

መዝሙረ ዳዊትን ብትገልጡ ከ120 እስከ 134 ያሉት 15 መዝሙራት የመዓርግ መዝሙር እንደሚባሉ ታያላችሁ። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን እነዚህን እስራኤላውያን ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ በመንገድ ላይ ይዘምሯቸው እንደነበር ያስተምራሉ። ሕጉ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለቂጣ በዓል፣ ለሰባቱ ሱባዔ በዓልና ለዳስ በዓል፣ በአንድ ስፍራ እንዲሰበሰቡ ያዝዝ ነበር። ጌታችንም የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ይህን መንገድ ሄዷል። ሲመለሱ ዮሴፍና ማርያም ልጁ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ መሄዳቸው፣ ዘመድና ጎረቤት ምን ያህል ተደባልቆ ይጓዝ እንደነበር ያሳየናል።

በኢየሩሳሌም ሲደርሱ የሚያዩት ነገር ትንሽ አልነበረም። በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 የተቆጠሩት የሠለጠኑ መዘምራን 288 ናቸው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ደግሞ 120 ካህናት መለከት ይነፉ ነበር፤ ጸናጽሉ፣ በገናውና መሰንቆው ሳይቆጠር። ከሩቅ መንደር የመጣ የእረኛ ልጅ ያን ድምፅ ሲሰማ ምን እንደተሰማው ገምቱ። ስለዚህ በታላቅ ጉባኤ መካከል ቆሞ ታላቅ ዝማሬ ለመስማት መጓጓት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ ኃጢአትም አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ የእረኛ ልጅ ቤተ መቅደሱ የደረሰው ዝም ብሎ አይደለም፤ መንገዱን ሁሉ ሲዘምር ነው የመጣው። መዝሙሩ የተጀመረው እግሩ ከቤቱ ሲነሣ ነበር።

የባዕድ አገር ሜዳዎች

በእኛ ዘመን የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ውድስቶክ ነው። በነሐሴ 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1969) በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት፣ በአንድ የወተት ከብት አርቢ እርሻ ላይ ከ400,000 በላይ ሰው ተሰበሰበ። ብዙዎቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። የሚወዷቸውን የሮክ ባንዶች ለማየት መንገዱን ዘግተው፣ መኪናቸውን ጥለው በእግር መጡ። ዝናብ ዘነበ፣ ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ምግብ አጠረ። ዛሬ ከዚያ ፌስቲቫል ከሁሉ በላይ የሚወራለት ጂሚ ሄንድሪክስ የተባለው ጊታሪስት ያቀረበው ሙዚቃ ነው። እርሱ ግን ወደ መድረክ የወጣው በመጨረሻው ቀን ሰኞ ጠዋት ስለነበረ አብዛኛው ሕዝብ ቀድሞ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ያን ያህል መንገድ ከመጡት ብዙዎቹ ኋላ ዝናው የተወራለትን ነገር በዓይናቸው አላዩትም፤ እንደ ሌላው ሰው በፊልም ነው ያዩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972)፣ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ ሌላ ጉባኤ ተደረገ። ኤክስፕሎ 72 ይባል ነበር። ያዘጋጀው እኛ አገር «ታላቁ ተልዕኮ» በሚል ስም የምናውቀው አገልግሎት እናት ድርጅት ነው። ወደ 80,000 የሚሆኑ ወጣቶች መጡ። ቀን ቀን ወንጌልን ለሰው እንዴት እንደሚናገሩ ይማራሉ፤ ማታ ማታ ስታዲየም ገብተው ቢሊ ግራሃምንና ሌሎች ሰባኪዎችን ይሰማሉ። በመጨረሻው ቀን በአደባባይ በተደረገው ኮንሰርት ላሪ ኖርማንና ጆኒ ካሽ ዘመሩ። ላሪ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው አልበም ብዙዎች የመጀመሪያው የክርስቲያን ሮክ አልበም የሚሉት ነው። ጸጉሩን አስረዝሞ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ስለ ኢየሱስ ስለሚዘምር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አልተቀበሉትም ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በእንግሊዝ አገር በአንድ እርሻ ላይ ግሪንቤልት የሚባል የክርስቲያኖች ፌስቲቫል ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ ወጣቶች በበጋ ድንኳን ይዘው የሚወዱትን ባንድ ለማየት ሜዳ መውጣት ልማድ አደረጉት።

ሰኔ 1964 ዓ.ም. የሚለውን ቀን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከመድረኩ በፊት የነበረው ጉባኤ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ወንጌል ይዘው የመጡት ሚስዮናውያን ሶዶና ሆሳዕና የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆዩ ኢጣሊያ አገራችንን ወረረች፤ ሚስዮናውያኑም ተባረሩ። በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ያገኟቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ነው። በሀዲያና በከምባታም ቤተ ክርስቲያን በእነዚያ የመከራ ዓመታት አደገች።

ይህን ሕዝብ ማን አስተማረው? መጽሐፍ የሚያነብ ጥቂት ነበር፤ ሬዲዮ የለም፣ ማይክ የለም። ትምህርቱን ከመንደር ወደ መንደር ከተሸከሙት ነገሮች አንዱ መዝሙር ነው። የአዘማመሩንም ዓይነት ታውቁታላችሁ፤ ዛሬም በገጠር አጥቢያዎቻችን አለ። መሪው አንድ ሐረግ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። መሪው ቃሉን ይለውጣል፣ ሕዝቡ ያንኑ አዝማች ይመልሳል። ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ በአንድ ማታ የዮናስን ታሪክ ወይም የዘኬዎስን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። በአገሬው ቋንቋ፣ በአገሬው ዜማ፣ በጭብጨባና በእልልታ የሚዘመር መዝሙር ነው።

ዓመታዊ ኮንፈረንስም ያኔ የመጣ ልማድ ነው። ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ሕፃን አዝሎ በእግሩ ይመጣል። ዳስ ይጣላል፤ አስተናጋጁ አጥቢያ ቆጮውንና ጎመኑን ያዘጋጃል፤ እንግዳው በየቤቱ ተከፋፍሎ ያድራል። በዚያ ጉባኤ «ተመልካች» የሚባል ሰው አልነበረም። የሚቀበል ሕዝብ ከሌለ የሚያወጣው መሪ ብቻውን ግማሽ መዝሙር ይዞ ይቀራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኛ ዘንድ ጉባኤው ከመድረኩ በዕድሜ ይበልጣል።

ጊታር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ

በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ሌላ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ኋላም በየሆቴሉ የሚጫወቱ ባንዶች ኤሌክትሪክ ጊታርና ሳክስፎን ይዘው አገርኛውን ዜማ በአዲስ መንገድ ይጫወቱ ነበር። ያንን ሙዚቃ በሬዲዮ እየሰሙ ካደጉት ወጣቶች መካከል በተማሪ ቤት ጌታን ያገኙ ነበሩ። ከነዚህ ወጣቶች ጋር የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች፤ መዘምራንዋም ተነሡ። እንደ አዲሱ ወርቁ ያሉ ወጣቶች የነበሩበት የሙሉ ወንጌል መዘምራን ጊታርና አኮርዲዮን ይዞ፣ ከባዕድ አገር የተተረጎመ ሳይሆን ራሱ የደረሰውን መዝሙር በአማርኛ ዘመረ። ዛሬ ኳየር ብለን የምናውቀው ነገር ብዙው መልኩ ከዚያ የመጣ ነው።

በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም መዝሙርን አዲስ አበባ ሄደው ለማያውቁ አድርሷል። በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ሰፈር ሙሉ ሰው ተቀምጦ ይሰማ እንደነበር አባቶቻችን ያወሩናል።

ሁሉም አልተደሰተም። «ጊታር የዓለም ነው፤ መሸታ ቤት የነበረ ዕቃ እንዴት መቅደስ ይገባል?» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ብዙ ጊዜ እናንተ ወጣቶች ይህን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። አትሳቁ። እነዚያ አባቶች የፈሩት እንጨቱንና ክሩን አልነበረም፤ ሰው በተጫዋቹ ጣት ተማርኮ መዘመሩን እንዳይተው ነበር። የጊታሩን ጉዳይ ታሪክ ፈርዶበታል፤ ጊታር ገብቷል፣ ብዙ በረከትም ሆኗል። የፈሩት ነገር ግን ገና አላለቀም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቀን ልመለስ። በሰኔ 1964 ዓ.ም. በዳላስ 80,000 ወጣቶች በስታዲየም ተሰብስበው ያለ ፍርሃት ሲዘምሩ፣ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ የተከለከለች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከሁለት ወር በኋላ፣ በነሐሴ 1964 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ በተሰበሰቡበት ከ200 በላይ ምእመናን ተይዘው ታሰሩ። ዕድሜያቸውም እንደ ዳላሶቹ ነበር፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ክረምት፣ አንዱ ሕዝብ የሚወደውን ባንድ በአደባባይ አየ፤ ሌላው በጣቢያ ወለል ላይ ተቀምጦ ዘመረ።

ፊቱ ያልታየ ዘማሪ

ከዚያ የባሰ ዘመን መጣ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱሱ መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተይዘው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። በደቡብ አገራችን ብዙ አጥቢያዎች ተዘጉ፤ የጸሎት ቤቶቻችን የቀበሌ ስብሰባና የእህል ማከማቻ የሆኑበት ጊዜ ነበር። ሰው በየቤቱ አምስትና ስድስት እየሆነ ተሰበሰበ። መስኮት ተዘግቶ፣ ጭብጨባ ቀርቶ፣ መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመር ነበር።

በዚያ ዘመን ከሁሉ ይልቅ የተዘመሩት መዝሙሮች የማን ነበሩ? ብዙ እናቶችና አባቶች ብትጠይቁ ቶሎ የሚነግሯችሁ ስም ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ነው። ከሲዳማ የተነሡት እኚህ ዘማሪ በእምነታቸው ምክንያት ሰባት ዓመት ታስረዋል። እርሳቸው እስር ቤት ሳሉ መዝሙሮቻቸው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። እስቲ ይህን አስቡት፤ የሚወደዱት ዘማሪ መድረክ የላቸውም፣ ባንድ የላቸውም፣ ሊያያቸው የሚችል ሕዝብም የለም። መዝሙሮቻቸው ግን በአገሩ ሁሉ አሉ። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ እስር ቤት እኩለ ሌሊት ሲዘምሩ የሰሟቸው እስረኞች ብቻ ነበሩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንሰማቸዋለን።

እናቴ በዚያ ዘመን ወጣት ነበረች። እኔ ከኮንፈረንሱ አኩርፌ የተመለስኩ ጊዜ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ለስድስት ልጃገረዶች አንድ ቴፕ ነበራቸው። የባትሪ ድንጋይ መግዣ ስለማይገኝ ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጡ ደግመው ይጠቀሙበት ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፣ የዘማሪውም ድምፅ ይወፍራል። እነርሱ ግን የዘማሪው ድምፅ እንዲያ ይመስላቸው ነበርና መዝሙሩን በዚያው በተጎተተው ዜማ አጠኑት፤ ግጥሙንም በደብተር ጻፉት። ከብዙ ዓመት በኋላ ነጻነት ሲመጣ ያንኑ ዘማሪ በአንድ ጉባኤ ላይ አየችው። «ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር» አለችኝ፤ «ድምፁ ቀጭን፣ ዜማውም ፈጣን ሆነብኝ። ካጠገቤ ያለችውን እርሱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።» እኔም ሳቅሁና «እንግዲያው ለዚያ ሁሉ ዓመት ተሳስታችሁ ነዋ የዘመራችሁት?» አልኳት። «በዚያ መዝሙር ነው ወንድሜ ሲሞት የተጽናናሁት። በምኑ ተሳሳትኩ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

መድረኩ ሲመለስ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ የተዘጉት ቤቶች ተከፈቱ። ሰው በሜዳና በስታዲየም ተሰብስቦ በሙሉ ድምፁ ዘመረ። በየአጥቢያው ኳየር ተቋቋመ፣ ኪቦርድ ተገዛ፣ ሮብ ተሰፋ። ካሴት በሲዲ፣ ሲዲ በፍላሽ፣ ፍላሽ በዩቲዩብ ተተካ። ለ2000 ዓ.ም. በዓል በተሠራው በአዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽ ዛሬ የመዝሙር ኮንሰርቶች ይደረጋሉ፤ መብራቱም፣ ባንዱም፣ ስክሪኑም ሙሉ ነው። በዓለማዊው መድረክም እንደ ጃኖ ባንድ ያሉ የሮክ ባንዶች ተነሥተዋል፤ ከእናንተ መካከል የሚወዳቸው እንዳለ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ነጻነት እናቶቻችን በሹክሹክታ የለመኑት ነውና ማቃለል አይገባንም። ነገር ግን አብሮት የመጣ ሌላ ነገር አለ። ዘማሪው በመድረክ ከፍ ሲል እኛ ዝቅ ብለን ተመልካች ሆንን። ስልካችንን ዘርግተን እንቀርጻለን፤ ሁለት እጃችን ስለተያዘ አናጨበጭብም። ድምፃችን ቪዲዮውን እንዳያበላሽ ብለንም አንዘምርም። ዘማሪው በሲዲ ሲዘምር «ላይቭ አይደለም» ብለን እንከሰዋለን። እኛስ? እኛም በዚያች ሰዓት በሲዲ አልነበርንም ወይ?

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዚያ ኮንፈረንስ ተመልሼ ቦኖሻ ስገባ የአጥቢያችን ኳየር አስጠላኝ። ኪቦርዳችን ሦስት ቁልፉ አይሠራም ነበር። ማይኩ ይጮኻል። ከበሮውን የሚመታው ጓደኛዬ ምቱን ይስታል። ሁለት ወር ልምምድ ቀረሁ፤ «ሙዚቃ የሚያውቅ የለም» እያልኩ በየቤቱ አወራሁ። እኔ በቀረሁባቸው ሁለት ወራት ውስጥ አንዲት የኳየራችን እህት በወባ ታማ ነበር። ሌሎቹ አልጋዋ አጠገብ ሄደው ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ማይክ ዘመሩላት። እኔ አልነበርኩም። ስትድን «አንተ ብቻ ቀረህ» አለችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በቀልድ። እናቴ የድንጋዩን ታሪክ የነገረችኝ በዚያው ሰሞን ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ልምምድ ተመለስኩ።

ታዲያ እንሂድ ወይስ አንሂድ?

ሂዱ። የሚወዱትን ዘማሪ ወይም ባንድ በአካል ለማየት የሚሄድን ወጣት የሚወቅስ ጽሑፍ አልጻፍኩም። እረኛው ልጅ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዷል። አያቶቻችን ስንቅ ቋጥረው በእግራቸው ሄደዋል። በአካል መገናኘት የሚሰጠውን ነገር ስልክ አይሰጥም፤ ላቡ ይታያል፣ ሲሳሳት ይታያል፣ ሲያለቅስም ይታያል። ሰው መሆኑን ታያላችሁ፤ ይህም ጣዖት እንዳታደርጉት ይረዳችኋል።

ስትሄዱ ግን መዝሙሩን መኪናው ላይ ጀምሩት። ከመድረኩ ፊት ስትቆሙ ቢያንስ አንዱን መዝሙር ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ተቀበሉት፤ የእኛ ዝማሬ ተቀባይ ይፈልጋል። ስትመለሱ ደግሞ አንድ መዝሙር ተሸክማችሁ ተመለሱና መምጣት ላልቻሉት አስተምሩ፤ መኪና ላይ መውጣት ለማይችሉት ሽማግሌ፣ ሱቅ ለሚጠብቀው ልጅ፣ ለታመመችው እህት። በስተመጨረሻም የአጥቢያችሁን ኳየር ከሚሊኒየም አዳራሽ መድረክ ጋር አታወዳድሩ። በታመማችሁ ቀን አልጋችሁ አጠገብ የሚቆመው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በርጩማ ላይ ተቀምጠው የነበሩትን ሽማግሌ ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ ከዚያ ቀን በኋላም አላየኋቸውም። ዘማሪው ያን ቀን ምን እንደዘመረ ብትጠይቁኝ ሁለቱን ብቻ ነው የማስታውሰው። የሽማግሌውን ጭብጨባ ግን አስታውሳለሁ። ከሙዚቃው ትንሽ ይዘገይ ነበር፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አላቋረጡም።

ለቡድን ውይይት

1. በአጥቢያችሁ በደርግ ዘመን የነበሩ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ጠይቁ። በዚያን ጊዜ ምን ይዘምሩ ነበር? መዝሙሩን ከማን፣ እንዴት ተማሩት? በሀዲይሳ ወይም በከምባትኛ የሚያስታውሱት ካለ ግጥሙን በደብተር ጽፋችሁ፣ ዜማውን በስልክ ቀድታችሁ አስቀምጡ።

2. ባለፈው ኮንፈረንስ ወይም ኮንሰርት ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ ከዚያ ቀን ይዛችሁት የተመለሳችሁት ምንድን ነው? ለማን አካፈላችሁት?

3. «ጊታር የዓለም ነው» ያሉት አባቶች የፈሩት ነገር ዛሬ በየትኛው መልክ ይታያል? እነርሱ ያላዩትና እኛ ያየነው በረከትስ ምንድን ነው?